ጨርቁን የያዘችው ሽቦ፦ ጠንካራና ቀላል ገመድ እንዴት ይሠራል?



ባለፈው ክረምት ለኢንተርንሺፕ የተመደብኩት ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ በሚሠራበት ሳይት ላይ ነበር። ከሥራዎቼ አንዱ በየጠዋቱ የዕቃ ማውጫውን ሊፍት ማየትና የቁጥጥር ቅጹን መሙላት ነው። ቅጹ ላይ «ገመድ» የሚል መስመር አለ፤ ከጎኑ «ደህና» እና «ችግር አለበት» የሚሉ ሁለት ሳጥኖች። ገመዱ ግሪስ ተቀብቶ ጥቁርና የሚያብረቀርቅ ስለነበር ከአምስት ሜትር ርቀት ሆኜ አየዋለሁ፤ «ደህና» ላይ ምልክት አደርጋለሁ፤ እፈርማለሁ። አሥራ አንድ ቀን እንዲህ አለፈ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን የሳይቱ አንጋፋ መካኒክ መጡ። «ልጄ፣ ገመዱን አይተኸዋል?» አሉኝ። «አዎ ጋሼ፣ አይቼዋለሁ» አልኳቸው። ምንም አልመለሱልኝም። ሊፍቱን አስቁመው መብራቱን አስጠፉ፤ የቆዳ ጓንት አጠለቁና አንድ አሮጌ የጥጥ ጨርቅ በገመዱ ላይ ጠቅልለው ቀስ እያሉ ወደ ታች ሳቡት። ትንሽ ሄዶ ጨርቁ ተያዘ። ጎተት ሲያደርጉት ተቀደደ። ግሪሱን በነጭ ጋዝ ሲያጥቡት እንደ እሾህ ወደ ውጭ የወጡ ቀጫጭን የሽቦ ጫፎች ታዩ። ከአንድ ስንዝር ባነሰ ርዝመት ውስጥ ሰባት ቆጠርን።

«ሽቦዋ ነግራሃለች» አሉኝ፤ «ያልሰማሃት አንተ ነህ።»

ሊፍቱ አዲስ ገመድ እስኪገባለት ቆመ። አልሐምዱሊላህ፣ ማንም አልተጎዳም። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ገመድ የሚባለውን ነገር በቸልታ ማየት አልቻልኩም። ያነበብኩትንና የተማርኩትን ለእናንተም ላካፍላችሁ ብዬ ነው ይህን የጻፍኩት።

ሰንሰለት ሳይናገር ይበጠሳል

የዛሬው የብረት ገመድ ታሪክ የሚጀምረው ጀርመን ውስጥ፣ ሐርዝ በሚባል ተራራማ አካባቢ ካሉ የማዕድን ጉድጓዶች ነው። በዚያን ዘመን ማዕድን ከመሬት በታች የሚወጣው ከተክል ቃጫ በተሠራ ገመድ ወይም በብረት ሰንሰለት ነበር። የቃጫው ገመድ በእርጥበት ይበሰብሳል። ሰንሰለቱ ጠንካራ ቢሆንም አንድ ክፉ ጠባይ አለው፤ ሳያስጠነቅቅ ይበጠሳል። መቶ ቀለበቶች ካሉት የዘጠና ዘጠኙ ጤነኛ መሆን ምንም አይጠቅምም። አንዷ ከሄደች ሁሉም ሄደ።

ቪልሄልም አልበርት የተባለ የማዕድን ኃላፊ ሰንሰለቶችን ደጋግሞ በመጫንና በማራገፍ ሲፈትን ብረት እንደሚደክም አስተዋለ። አንዴ ቢጫንበት የሚችለው ሸክም ሺህ ጊዜ ሲመላለስበት ይሰብረዋል። እ.ኤ.አ. በ1834 ሌላ መንገድ ሞከረ። እያንዳንዳቸው 3.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው አራት አራት ሽቦዎችን አንድ ላይ ገምዶ ጉንጉን አደረጋቸው፤ ሦስቱን ጉንጉኖች ደግሞ እንደገና ገምዶ አንድ ገመድ ሠራ። በጠቅላላው 12 ሽቦ ብቻ ነው። ካሮሊን በሚባለው ጉድጓድ ላይ ተገጥሞ ሥራ የጀመረው ይህ ገመድ የዛሬዎቹ የክሬን፣ የአሳንሰርና የድልድይ ገመዶች ሁሉ አያት ነው።

የአልበርትን ትምህርት መርሳት ምን ያህል እንደሚያስከፍል ከ133 ዓመት በኋላ አሜሪካ ውስጥ ታየ። በኦሃዮ ወንዝ ላይ የተሠራው ሲልቨር ድልድይ የተንጠለጠለው በሽቦ ገመድ ሳይሆን በረጃጅም የብረት ዘንጎች በተያያዘ ሰንሰለት ነበር። እያንዳንዱ የሰንሰለቱ ክፍል ሁለት ዘንጎች ብቻ ነበሩት። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 15 ቀን 1967 አመሻሹ ላይ፣ ድልድዩ በመኪና ተሞልቶ ሳለ፣ ከዘንጎቹ አንዱ ተሰበረ። መነሻው 2.5 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነች፣ በዓይን የማትታይ ቦታ ላይ የተደበቀች ስንጥቅ ነበረች። የቀረው ዘንግ ብቻውን ሊችል አልቻለም፤ ድልድዩ በሙሉ ወንዙ ውስጥ ገባ። 46 ሰዎች ሞቱ።

እንግዲህ የገመድ የመጀመሪያው ሚስጥር ይህ ነው፦ ሸክሙን ለብዙዎች አከፋፍል፤ አንዱ ሲወድቅ ሌሎቹ እንዲይዙት፣ አንተም ለማየት ጊዜ እንድታገኝ።

ድር ሲያብር፣ ግን እንዴት?

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እያልን ነው ያደግነው። ተረቱ እውነት ነው። ግን መሐንዲስ ሆናችሁ ስታዩት አንድ ነገር ይቀረዋል፤ ማበር ብቻውን አይበቃም፣ ሸክሙን እኩል መካፈልም ያስፈልጋል። ሺህ ክሮችን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ሸክም ብታንጠለጥሉባቸው ሸክሙን ቀድማ የምትቀበለው ከሌሎቹ ትንሽ አጠር ያለችው ክር ናት። ከአቅሟ በላይ ስለሚሆንባት ትበጠሳለች። ቀጥሎ ተራው የሁለተኛዋ አጭር ነው። በአንድ ጊዜ አንበሳ ማሰር የሚችሉ ክሮች በየተራ ድመት እንኳ ሳያስሩ ያልቃሉ።

ለዚህ ነው ገመድ የሚገመደው። በነገራችን ላይ መድረሳ የተማርን ሁሉ ዐረብኛው ገመድን «ሐብል» እንደሚለው እናውቃለን፤ ግዕዙም እንዲሁ «ሐብል» ይለዋል። በአማርኛ ቃሉ ወደ አንገት ጌጥነት ሲዞር ቦታውን «ገመድ» ወሰደው፤ እሱም ከሥራው፣ ከመግመድ የወጣ ስም ነው።

መግመድ ሦስት ነገር ያደርጋል። አንደኛ፣ ሽቦዎቹን እርስ በርስ አጥብቆ ስለሚያጣብቃቸው አንዷ ብትበጠስ እንኳ በሰበቃ ተይዛ ከተበጠሰችበት ትንሽ ራቅ ብላ እንደገና ሸክም መካፈል ትጀምራለች። የተበጠሰችው በዚያች ቦታ ብቻ ነው እንጂ ከገመዱ ሙሉ በሙሉ አልወጣችም።

ሁለተኛ፣ ገመዱ በመዘውር ወይም በፑሊ ላይ ሲታጠፍ የውጭው በኩል ይለጠጣል፣ የውስጡ ይጨመቃል። ሽቦዎቹ የተጠማዘዙ ስለሆኑ እያንዳንዷ ሽቦ ትንሽ ርቀት ላይ በውጭ፣ ትንሽ ርቀት ላይ በውስጥ ታልፋለች። የከፋውን ቦታ ሁልጊዜ የምትይዝ ሽቦ የለችም።

ሦስተኛው ቅጥነት ነው። 16 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን ድፍን ብረት 400 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው መዘውር ላይ ብንጠመጥመው የውጭ ፊቱ 16 ለ400፣ ማለትም 4 ከመቶ ያህል መለጠጥ አለበት። ጠንካራ የብረት ሽቦ ግን ወደ ቀድሞ ቅርጹ የሚመለሰው አንድ ከመቶ እንኳ ሳይለጠጥ ነው። ስለዚህ ዘንጉ በመጀመሪያው ዙር ይጣመማል፣ በጥቂት ዙር ይሰበራል። ያንኑ ብረት 1 ሚሊ ሜትር ወደሆኑ ሽቦዎች ብንከፋፍለው የእያንዳንዷ መለጠጥ 1 ለ400 ይሆናል፤ ሩብ ከመቶ ማለት ነው። ይህን ሽቦዋ ብዙ ሺህ ጊዜ ትችለዋለች። ብረቱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው አከፋፈሉ ነው።

መግመድ ዋጋም አለው። ሽቦዎቹ ቀጥ ብለው ስለማይሄዱ የገመዱ አቅም ከሽቦዎቹ ድምር ያንሳል፤ ሸክም ሲንጠለጠልበትም ራሱን ሊፈታ ይሽከረከራል። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ ሽቦዎቹ ጉንጉን ውስጥ በአንድ አቅጣጫ፣ ጉንጉኖቹ ደግሞ ገመዱ ውስጥ በተቃራኒው አቅጣጫ ይገመዳሉ፤ አንዱ የሌላውን መሽከርከር ይገታል። በመዘውር ላይ የማይመላለሰው የትልልቅ ተንጠልጣይ ድልድዮች ዋና ገመድ ግን መገመድ አያስፈልገውም። ሽቦዎቹ ጎን ለጎን ቀጥ ብለው ይዘረጋሉ፣ ርዝመታቸው በጥንቃቄ ይስተካከላል፣ ከዚያ ተጨምቀው ይታሰራሉ። ጃፓን ውስጥ በ1998 የተከፈተው የአካሺ ካይክዮ ድልድይ እያንዳንዱ ዋና ገመድ 36,830 ሽቦዎች አሉት።

ሽቦዋ ጥንካሬዋን ከየት አመጣች?

ለግንባታ የምንጠቀምበት ፌሮ በእያንዳንዱ ስኩዌር ሚሊ ሜትር 40 ኪሎ ግራም አካባቢ ሲጫንበት ላይመለስ መለጠጥ ይጀምራል። የገመድ ሽቦ ግን በዚያው ስኩዌር ሚሊ ሜትር 180 ኪሎ ግራም ያህል ትችላለች፤ ወደ ሁለት ኩንታል የሚጠጋ ሸክም በአንዲት ቀጭን ሽቦ! ሁለቱም ብረት ናቸው። ልዩነቱ አንደኛ የካርበን መጠን ነው፤ ለሽቦው 0.8 ከመቶ ገደማ ይጨመራል። ሁለተኛው አሠራሩ ነው። ብረቱ በሙቀት ከታከመ በኋላ ሳይሞቅ፣ እየጠበቡ በሚሄዱ ቀዳዳዎች ውስጥ በተራ በተራ ይጎተታል። በእያንዳንዱ ቀዳዳ ሲያልፍ ይቀጥናል፣ ይረዝማል፣ ውስጡ ያሉት ጥቃቅን ንብርብሮች ወደ አንድ አቅጣጫ ይሰለፋሉ፣ ይጠነክራል።

ከዚያ ገመዱ ይገመዳል፤ መሃሉ ላይ ምን እንደሚቀመጥ ስታውቁ ትገረሙ ይሆናል። በብዙ የአሳንሰር ገመዶች እምብርት ውስጥ ያለው ቃጫ ነው፤ ጆንያና ገመድ የሚሠራበት ያው ቃጫ። ሥራው ሸክም መያዝ አይደለም። ጉንጉኖቹ ወደ መሃል እንዳይገቡ ደግፎ ይይዛቸዋል፤ በዘይት ስለተነከረም ገመዱ በተጨመቀ ቁጥር ዘይቱን ቀስ በቀስ ለሽቦዎቹ ያቀብላቸዋል። ሽቦዎቹ እርስ በርስ ሳይፋጩ የሚንሸራተቱት በዚህ ነው። ብረትና ቃጫ አንድ ላይ ሆነው አንዱ ሌላውን ያኖረዋል።

ገመድ ራሱን መሸከም ሲያቅተው

እስካሁን ስለ ጥንካሬ ነው ያወራነው። ገመድ ሲረዝም ግን ሌላ ጠላት ይመጣበታል፤ የራሱ ክብደት። የብረት ሽቦን ከሰማይ ላይ አንጠልጥለን እያስረዘምን ብንሄድ፣ ምንም ሸክም ሳይኖርባት፣ 23 ኪሎ ሜትር አካባቢ ስትደርስ በገዛ ክብደቷ ትበጠሳለች። ይህን ራሳችሁ ማስላት ትችላላችሁ፤ ጥንካሬዋን ለክብደቷ ማካፈል ብቻ ነው። የሽቦዋ ውፍረት ለውጥ አያመጣም፤ ብናወፍራት ጥንካሬዋም ክብደቷም እኩል ይጨምራሉ።

23 ኪሎ ሜትር ብዙ ይመስላል። ነገር ግን ሰው በሚሳፈርበት አሳንሰር ላይ ገመዶቹ ከሚጫንባቸው እስከ 12 እጥፍ እንዲችሉ ነው የሚሠሩት። 13 ሚሊ ሜትር የሆነ የብረት ገመድ በአንድ ሜትር 0.6 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። 500 ሜትር ለሚወጣ አሳንሰር ስምንት እንዲህ ያሉ ገመዶች ብንጠቀም ገመዶቹ ብቻቸውን 24 ኩንታል ይሆናሉ። ሃያ ሰዎች እያንዳንዳቸው 75 ኪሎ ቢመዝኑ 15 ኩንታል ናቸው። ከሰዎቹ ይልቅ ገመዱን እየጎተትን ነው ማለት ነው። ለዚህ ነው በብረት ገመድ የሚሠራ አሳንሰር 500 ሜትር አካባቢ ሲደርስ የሚያበቃው። 828 ሜትር በሚረዝመው የዱባዩ ቡርጅ ኸሊፋ ውስጥ እንኳ ረጅሙ የአሳንሰር ጉዞ ከ500 ሜትር በጥቂቱ ብቻ ይበልጣል።

ስለዚህ ጥያቄው «ከብረት የሚጠነክር አለ ወይ?» ብቻ አይደለም። «እየጠነከረ የሚቀል አለ ወይ?» ነው።

የተቀቀለና ያልተቀቀለ ፓስታ

መልሱ የመጣው ከኬሚስትሪ ላብራቶሪ ነው። ፕላስቲክ ማለት እጅግ ረጃጅም የሞለኪውል ሰንሰለቶች ክምችት ነው። በካፌያችን ሳህን ላይ ያለውን የተቀቀለ ፓስታ አስቡት፤ የተወሳሰበ ስለሆነ ስትጎትቱት ይንሸራተታል፣ ይለጠጣል። ያልተቀቀለውን በፓኬቱ ውስጥ አስቡት ደግሞ፤ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ተሰልፏል። የሞለኪውሎቹን ሰንሰለት እንደ ፓኬቱ ፓስታ ማሰለፍ ከቻልን እያንዳንዱን ሰንሰለት በቁመቱ እንጎትተዋለን፤ በቁመቱ ሲጎተት ደግሞ እጅግ ጠንካራ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1965 ስቴፋኒ ክዎሌክ የተባለች የዱፖንት ኩባንያ ኬሚስት ለመኪና ጎማ ቀላልና ጠንካራ ክር እየፈለገች ሳለ አንድ እንግዳ ፈሳሽ አገኘች። እንደተለመደው ወፍራምና ጥርት ያለ ሳይሆን ቀጭንና ደፍረስ ያለ ነበር። ክር ማውጫ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ባለሙያ ማሽኑን ይደፍንብኛል ብሎ እምቢ አለ። ገፋፍታ አሳመነችው፤ የወጣው ክር ከጠበቁት ሁሉ በላይ ጠንካራ ሆነ። የፈሳሹ መደፍረስ ሞለኪውሎቹ ቀድመው እንደ ያልተቀቀለ ፓስታ መሰለፋቸውን የሚያሳይ ምልክት ነበር። ይህ ክር ኬቭላር ተባለ፤ ቤተሰቡ አራሚድ ይባላል።

ሁለተኛው ታሪክ ይበልጥ ይገርማል። ፌስታል የሚሠራበትን ፕላስቲክ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ፖሊኤቲሊን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ፖል ስሚዝና ፒት ለምስትራ የተባሉ ተመራማሪዎች በኔዘርላንድሱ ዲኤስኤም ኩባንያ ውስጥ ያንኑ ፕላስቲክ እጅግ ረጃጅም ሰንሰለቶች ኖሮት በፈሳሽ ውስጥ አሟሙተው፣ እንደ ጄል አድርገው ካወጡት በኋላ ብዙ እጥፍ ለጠጡት። ሰንሰለቶቹ ተሰለፉ። ዳይኒማ በሚል ስም የሚሸጠው ክር ይህ ነው። ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። በክብደት ሲመዘን ግን ከብረት ሽቦ ከአሥር እጥፍ በላይ ይጠነክራል፤ ቅድም 23 ኪሎ ሜትር ያልነው ርዝመት ለአራሚድ ክር ከ200፣ ለዚህኛው ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። ይህ የነጠላው ክር ስሌት ነው፤ ተገምዶ ገመድ ሲሆን ይቀንሳል። ቢሆንም ልዩነቱ ሰፊ ነው።

ታዲያ ብረት ለምን አልተተወም? እያንዳንዱ ክር የራሱ ድካም ስላለው ነው። አራሚድ ፀሐይ ይጎዳዋል፤ ደጋግሞ መታጠፍና መጨመቅም አይወድም። የፖሊኤቲሊኑ ክር 150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይቀልጣል፤ ከዚያ በታችም ቢሆን ሸክም ለረጅም ጊዜ ሲንጠለጠልበት ቀስ በቀስ እየተለጠጠ ይሄዳል። በጣም ስለሚያንሸራትትም ተራ ቋጠሮ አይይዘውም። ሁለቱም በስለታም ጠርዝ ላይ ሲፈተጉ ይቆረጣሉ። ከሁሉም በላይ ግን እንደ ብረት አይናገሩም። የተበጠሰች የብረት ሽቦ ጨርቅ ትይዛለች፤ በሽፋን ውስጥ ያለ ክር ግን ሲደክም ከውጭ ምንም ላይታይ ይችላል።

ብረትና ክር ሲጋቡ

ስለዚህ መሐንዲሶች ብዙ ጊዜ አንዱን በሌላው ይደግፋሉ። ምሳሌው ግቢያችን ውስጥም ይገኛል። የኢንተርኔት ፋይበር ኬብል ተቆርጦ አይታችሁ ከሆነ ከውስጡ ቢጫ፣ ለስላሳ፣ በመቀስ አልቆረጥ የሚል ክር ይወጣል። እሱ አራሚድ ነው። ብርሃኑን የሚያስተላልፈው መስታወት ቀጭንና ተሰባሪ ስለሆነ ኬብሉ ሲጎተት መጎተቱን የሚቀበልለት ያ ቢጫ ክር ነው።

ከከተማ ወጣ ስትሉ በብረት ማማዎች ላይ የምታዩት የከፍተኛ ኃይል መስመርም ብዙውን ጊዜ ጥምር ነው። ውጭው አሉሚኒየም ነው፤ ኤሌክትሪኩን ያስተላልፋል። እምብርቱ የብረት ሽቦ ነው፤ ክብደቱን ይሸከማል። በአንዳንድ አዳዲስ መስመሮች ደግሞ የብረቱን እምብርት የካርበን ፋይበር ተክቶታል፤ ቀላል ነው፣ ሲሞቅም እንደ ብረት ስለማይረዝም መስመሩ ብዙ አይረግብም።

ወደ አሳንሰር እንመለስ። ኮኔ የተባለው የፊንላንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2013 አልትራሮፕ የሚባል አዲስ ገመድ አስተዋወቀ። እምብርቱ የካርበን ፋይበር፣ ልባሱ መዘውሩን ጨምድዶ የሚይዝ ፕላስቲክ ነው፤ ቅርጹም ክብ ሳይሆን እንደ ቀበቶ ጠፍጣፋ ነው። ኩባንያው በዚህ ገመድ አንድ አሳንሰር እስከ 1,000 ሜትር ሊወጣ ይችላል ይላል። የተመረጠውም ከ1,000 ሜትር በላይ እንዲረዝም ለታቀደው የሳዑዲው ጂዳ ታወር ነው፤ ግንባታው በ2018 ቆሞ ከቆየ በኋላ በ2025 መጀመሪያ ላይ እንደገና ቀጥሏል።

ጥምር ገመድ ግን ጥምር ጥንቃቄ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 25 ቀን 1996 ከኮሎምቢያ መንኮራኩር ላይ አንዲት ሳተላይት በረጅም ገመድ ታስራ እየተለቀቀች ነበር። ገመዱ ወደ 2.5 ሚሊ ሜትር ብቻ የሚወፍር ሲሆን ውስጡ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ መዳብ፣ በላዩ መከላከያ ሽፋን፣ ለጥንካሬም ኬቭላር ነበረው። 19.7 ኪሎ ሜትር ላይ ተበጠሰ። ሸክሙ ከብዶት አልነበረም። የመዳቡ ሽፋን አንድ ቦታ ተበስቶ ኖሮ ኤሌክትሪክ በዚያ ዘሎ ወጣ፤ የተነሣው ብልጭታ ኬቭላሩን አቃጠለው። ለመጎተት የተሰላው ክር የጠፋው በእሳት ነው።

ጫፉን እዩ

ገመድ የትም ያህል ቢጠነክር የሆነ ቦታ ላይ መታሰር አለበት፤ ብዙ ጊዜ የሚከዳውም እዚያ ነው። ቋጠሮ የገመድን አቅም ወደ ግማሽ ሊያወርድ ይችላል። በትልልቅ ሥራዎች ላይ የገመዱ ጫፍ ተበትኖ በብረት ጽዋ ውስጥ ይገባና የቀለጠ ዚንክ ወይም ሙጫ ይፈስበታል፤ ይህ የገመዱን ሙሉ አቅም ማለት ይቻላል ይይዛል።

ሳይት ላይ በብዛት የምታዩት ግን የዩ ቅርጽ ያለውን ክላምፕ ነው። ገመዱ ይታጠፍና ሸክም የሚይዘው ረጅሙ ክፍልና ትርፉ አጭር ጫፍ አንድ ላይ ይጠበቃሉ። እዚህ ላይ አንድ ደንብ አለ፤ እባካችሁ ያዙልኝ። የክላምፑ ኮርቻ የሚያርፈው ሸክም በሚይዘው ክፍል ላይ ነው፤ የዩው ክብ ብረት የሚጨምቀው ትርፉን ጫፍ ነው። ከተገለበጠ ዩው ሸክም ያለበትን ገመድ ይጨፈልቀዋል። ለቀጫጭኖቹ ገመዶች እንኳ ከሦስት ክላምፕ ማነስ የለበትም፤ ገመዱ ሸክም ከያዘ በኋላም ዳግም መጠበቅ አለባቸው።

ፊርማ

በመጨረሻ ስለ አንድ ድልድይ ላንሣ። ኒው ዮርክ ውስጥ በ1883 የተከፈተው ብሩክሊን ድልድይ በአራት ዋና ገመዶች ነው የተንጠለጠለው፤ እያንዳንዳቸው ከ5,400 በላይ የብረት ሽቦዎች አሏቸው። ሽቦውን ለማቅረብ ውል የወሰደው ጄ. ሎይድ ሄግ የተባለ ነጋዴ ነበር። ተቆጣጣሪዎች ፋብሪካው ድረስ እየሄዱ ሽቦውን ይፈትናሉ፤ ያለፈውን በምስክር ወረቀት ይልካሉ። እ.ኤ.አ. በ1878 ግን ጉዱ ወጣ። ከፋብሪካው እስከ ድልድዩ ባለው መንገድ ላይ ጥሩው ሽቦ ይወርድና በምትኩ የወደቀው ሽቦ በዚያው ምስክር ወረቀት ይጫናል። ጥሩው ወደ ፋብሪካው ተመልሶ እንደገና ይፈተናል፣ እንደገና ያልፋል። በተደረሰበት ጊዜ ከ200 ቶን በላይ መጥፎ ሽቦ ገመዶቹ ውስጥ ገብቷል፤ ማውጣት አይቻልም።

ድልድዩ ለምን አልወደቀም? ዋና መሐንዲሱ ዋሽንግተን ሮብሊንግ ገመዶቹ ከሚያስፈልገው ስድስት እጥፍ እንዲችሉ ነበር ያቀዳቸው። ስሌቱን እንደገና ሲሠራ መጥፎው ሽቦ ቢኖርም ቢያንስ አምስት እጥፍ እንደሚቀር አገኘ፤ በነጋዴው ወጪም በእያንዳንዱ ገመድ ላይ 150 ያህል ተጨማሪ ጥሩ ሽቦዎች እንዲገቡ አደረገ። መጥፎዎቹ ሽቦዎች ዛሬም እዚያው ናቸው። ጥሩዎቹ ተሸክመዋቸዋል።

ይህን ታሪክ ሳነብ የሄግን ስም ትቼ የራሴን አሥራ አንድ ፊርማዎች አሰብኩ። እሱ ያታለለው ለገንዘብ ነው፤ እኔ ስንፍና ነበር። ወረቀቱ ላይ ግን ሁለታችንም አንድ ነገር ነው የጻፍነው፤ ያልሆነውን «ደህና» ብለናል። መሐንዲሱ ስድስት እጥፍ፣ አሥራ ሁለት እጥፍ ብሎ የሚያስቀምጠው ህዳግ ላልታወቀ ነገር መጠባበቂያ ነው። እያየን እንዳላየን ስንፈርም ያን መጠባበቂያ ከሥር እየበላነው ነው፤ ከሥሩ የሚቆመው የቀን ሠራተኛ ደግሞ ስሌቱን አያውቅም። ፊርማችንን አምኖ ነው የሚቆመው። አማና ማለት ይኸው ነው።

በየሳይቱ፣ በየፋብሪካው፣ በየወርክሾፑ ለኢንተርንሺፕ የምትወጡ ወንድሞችና እህቶች፣ ገመድ ካጋጠማችሁ ይህን አድርጉ። መሣሪያው ቆሞና ኃይሉ ተቋርጦ ሳለ፣ ጓንት አጥልቃችሁ ጨርቅ አሳልፉበት። አንድ ጉንጉን ሙሉ ዙር የሚዞርበትን ርዝመት ለኩ፤ አብዛኛውን ጊዜ የገመዱ ውፍረት ስድስት ወይም ሰባት እጥፍ ነው። በአሜሪካ የክሬን ደንብ መሠረት በዚያ ርዝመት ውስጥ ስድስት የተበጠሱ ሽቦዎች፣ ወይም በአንድ ጉንጉን ላይ ብቻ ሦስት ከተገኙ፣ በመዘውር ላይ የሚመላለስ ገመድ ከሥራ ይወጣል። ዝገት፣ መጨፍለቅ፣ አንድ ቦታ ላይ መቅጠን ካያችሁም አሳውቁ። የክር ገመድ ከሆነ ሽፋኑ የተፈተገበትን፣ የቀለጠበትን፣ የደረቀበትን ቦታ በእጃችሁ ዳሱ፤ እሱ ስለማይናገር ይበልጥ መጠየቅ ያስፈልገዋል። ጫፉንም እዩ፤ ኮርቻው በየት በኩል እንዳረፈ።

የቀረውን የኢንተርንሺፕ ጊዜዬን በየጠዋቱ ከዚያው ሊፍት ጋር ጨርቅ ይዤ ጀመርኩ። አዲሱ ገመድ ለስላሳ ነው፤ ጨርቁ አንድም ቀን አልተያዘም። ቅጹ ላይ ያው «ደህና» ላይ ምልክት አደርጋለሁ። ጋሼ አንድ ቀን ከኋላዬ መጥተው ቆመው አዩኝ። ምንም አላሉም፤ ያን የተቀደደ አሮጌ ጨርቅ ከኪሳቸው አውጥተው ሰጡኝ። እስካሁን ከእኔ ጋር ነው።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።